የአንድ ጊዜ በላተኛና የዘወትር ደንበኛ፦ ተጓዥ ርካሽና እውነተኛ የአገሬውን ምግብ የሚለይባቸው ምልክቶች በሲንጋፖር የሃውከር ማዕከላት ምሳሌነት

በማያውቀው ከተማ የሚሰነብት መንገደኛ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ከአንድ ጥያቄ ጋር ይፋጠጣል፤ የት ይበላ? ጥያቄው ተራ ይመስላል። በቱሪዝም ጥናት ውስጥም ለረጅም ጊዜ ከሆቴል፣ ከትራንስፖርትና ከመስህብ ቦታዎች ኋላ ተቀምጦ ኖሯል። ነገር ግን ተጓዥ ከሚፈጽማቸው ግዢዎች ሁሉ ደጋግሞ የሚፈጽመው፣ ያውም በጥቂት መረጃ የሚፈጽመው የምግብ ግዢን ነው። ፊሊፕ ኔልሰን በ1970 ባሳተመው ጥናት ሸቀጦችን ከግዢ በፊት በመመርመር ጥራታቸው የሚታወቅና ከተጠቀሙባቸው በኋላ ብቻ ጥራታቸው የሚታወቅ ብሎ ለሁለት ከፍሏቸዋል። የበሰለ ምግብ ከሁለተኛው ወገን ነው። ካልቀመሱት አይታወቅም፤ ከቀመሱት ደግሞ ሒሳቡ መጥቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ ችግር የተለመደው መልስ «የአገሩ ሰው የሚበላበት ቦታ ብላ» የሚል ምክር ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ ለምን ትክክል እንደሆነ ግን እምብዛም አይብራራም። ምክንያቱ ካልታወቀ ደግሞ ምክሩ የት ላይ እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚከሽፍ መለየት አይቻልም። ይህ ጽሑፍ ምክንያቱን ከመረጃ ኢኮኖሚክስና ከቱሪዝም ሶሲዮሎጂ በመነሣት ለማሳየት ይሞክራል። ለማሳያነት የተመረጠው የሲንጋፖር የሃውከር ማዕከላት ሥርዓት ነው። ምርጫው የተደረገው ሥርዓቱ በሰፊው የተጻፈበት ስለሆነ፣ ደግሞም ርካሽነትና እውነተኛነት የገበያ ዕድል ብቻ ሳይሆኑ የመንግሥት ውሳኔ ጭምር የሆኑበት ያልተለመደ ምሳሌ ስለሆነ ነው። ጽሑፉ የታተሙ ጥናቶችንና የአደባባይ መረጃዎችን መሠረት ያደረገ እንጂ የመስክ ጥናት አይደለም።

የአንድ ጊዜ ገዢ

ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ስለ አሮጌ መኪኖች ገበያ በጻፈው ዝነኛ ጥናቱ፣ ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት ገዢው በማያውቅበት ገበያ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን እያስወጣ እንደሚሄድ አሳይቷል። ከዚሁ ጥናት ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይጠቀስ አንድ አንቀጽ ስለ ምግብ ቤት የሚናገር ነው። አከርሎፍ እንደሚለው በአሜሪካ አገር አቋራጭ መንገዶች ዳር ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ምግብ ቤቶች የበዙት ደንበኞቻቸው የአካባቢው ሰዎች ስላልሆኑ ነው። መንገደኛው አካባቢውን ስለማያውቅ፣ በስም የሚታወቀው ድርጅት የሚያቀርበው ሐምበርገር ከአካባቢው መካከለኛ ምግብ ቤት ይሻለዋል። አካባቢውን የሚያውቀው ነዋሪ ግን ከዚያ የሚበልጥ የራሱ ቦታ አለው። ይህ አጭር አስተያየት የተጓዡን ችግር በሙሉ ይዟል ማለት ይቻላል። ጥሩውና ርካሹ ምግብ በከተማው ውስጥ አለ፤ ነዋሪውም ያውቀዋል። ተጓዡን ከነዋሪው የሚለየው ገንዘብ ሳይሆን እውቀት ነው።

ከእውቀቱ ይልቅ የሚከብደው ግን የጊዜ ጉዳይ ነው። ነዋሪው ዛሬ ቢከፋ ነገ አይመለስም፤ ለጎረቤቱም ይናገራል። ባለ ምግብ ቤቱ ይህን ስለሚያውቅ ሾርባውን አያቀጥንም፣ ዋጋውንም በድንገት አያንርም። ተጓዡ ግን ቢወደውም ቢጠላውም ነገ በአውሮፕላን ላይ ነው። እርሱን ማስከፋት ወጪ የለውም፤ ማስደሰትም ትርፍ የለውም። ዝነኛ ሐውልት ፊት ለፊት ያለ ምግብ ቤት ብዙውን ጊዜ መጥፎና ውድ የሚሆነው ባለቤቱ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን፣ በየቀኑ አዲስ ሰው ስለሚያመጣለት የአንዱ ቅሬታ ለሌላው ስለማይደርስ ነው።

እንግዲህ «የአገሩ ሰው የሚበላበት ቦታ» የሚለው ምክር ትርጉሙ ይህ ነው፤ ተጓዡ ራሱ መቅጣት የማይችለውን ሻጭ፣ መቅጣት በሚችሉ ሰዎች ጥላ ሥር ሆኖ ይገበያየዋል። የዘወትር ደንበኛው ለራሱ ሲል የሚያደርገው ቁጥጥር መንገደኛውን በነፃ ይጠብቀዋል። ከዚህ የሚከተል አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። ጥበቃው የሚሠራው ለነዋሪውና ለእንግዳው አንድ ዋጋ፣ አንድ ድስት ሲቀርብ ብቻ ነው። ሁለት ዓይነት የዋጋ ዝርዝር ባለበት ቤት የነዋሪዎች ብዛት ለእንግዳው ምንም ዋስትና አይሆንም።

በኢንተርኔት የሚሰበሰቡ የደንበኞች አስተያየቶች ይህን ክፍተት በከፊል ሞልተዋል። ማይክል ሉካ በሲያትል ከተማ መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ2011 ባቀረበው ጥናት፣ የልፕ በተባለው የአስተያየት መድረክ ላይ የአንድ ኮከብ ጭማሪ የምግብ ቤትን ገቢ ከ5 እስከ 9 በመቶ እንደሚያሳድግ፣ ለውጡም የታየው በባለ ብዙ ቅርንጫፎቹ ላይ ሳይሆን በግል ምግብ ቤቶች ላይ እንደሆነ አሳይቷል። ከአከርሎፍ ጋር የሚገጥም ግኝት ነው፤ ስም የሌለው ቤት ስም ሲያገኝ የድርጅት ስም ዋጋው ይቀንሳል። ሆኖም አስተያየት ሰጪዎቹ ራሳቸው መንገደኞች በሆኑበት ሰፈር፣ ኮከቡ የሚለካው የአንድ ጊዜ በላተኞችን ደስታ ነው። እነርሱ ደግሞ የሚያወዳድሩበት ሌላ ሳህን የላቸውም።

ከጎዳና ወደ ማዕከል

ሃውከር የሚለው ቃል አዟሪ ሻጭ ማለት ነው። በሲንጋፖር በቅኝ ግዛት ዘመን ከደቡብ ቻይና፣ ከማላይ ደሴቶችና ከሕንድ የመጡ ድሆች ምግብ በትከሻና በጋሪ እያዞሩ ለወደብ ሠራተኛው ይሸጡ ነበር። ለብዙዎቹ ሌላ ሥራ በማይገኝበት ከተማ የመጨረሻው መተዳደሪያ ይኸው ነበር። የቅኝ ገዥው አስተዳደር ሃውከሮቹን እንደ ንጽሕናና የትራፊክ ችግር ይመለከታቸው ነበር፤ በ1950 ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚሽንም ሪፖርቱን አቅርቧል። ዐቢዩ ለውጥ የመጣው ግን ከነፃነት በኋላ ነው። በ1968 እና በ1969 በተካሄደው አገር አቀፍ ምዝገባ 18,000 ያህል የጎዳና ሻጮች ጊዜያዊ ፈቃድ ተሰጣቸው። ከ1971 እስከ 1986 ባሉት ዓመታት ደግሞ መንግሥት ውኃ፣ መብራትና የፍሳሽ መስመር ያላቸው ማዕከላት እየሠራ ሁሉንም ከጎዳና አንሥቶ አስገባቸው።

ማዕከሎቹ የት እንደተሠሩ ለዚህ ጽሑፍ ጭብጥ ወሳኝ ነው። አብዛኛው የሲንጋፖር ነዋሪ የሚኖረው የመንግሥት የቤቶች ልማት ቦርድ ባሠራቸው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ውስጥ ነው፤ ማዕከሎቹም የተተከሉት በእነዚሁ ሰፈሮች መሐል፣ ከአትክልትና ከሥጋ ገበያው ጎን ነው። በሌላ አነጋገር የተሠሩት ለቱሪስት ሳይሆን ቁርሱን በልቶ ወደ ሥራ ለሚሮጥ ሰው ነው። ዛሬ ቁጥራቸው ከ110 በላይ ደርሷል። በአንድ ጣሪያ ሥር በአሥሮች የሚቆጠሩ፣ በአንዳንዱም ከመቶ የሚበልጡ ትንንሽ መደቦች ይደረደራሉ። ወንበርና ጠረጴዛው የሁሉም የጋራ ነው። አንዱ መደብ የዶሮ ሩዝ ብቻ፣ ሌላው የዓሣ ሾርባ ብቻ፣ ሦስተኛው ቡና ብቻ ይሸጣል። የአንድ ሳህን ዋጋ በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 የሲንጋፖር ዶላር አካባቢ ነው፤ ይህም በዚያው ከተማ መካከለኛ ሬስቶራንት ከሚጠየቀው በብዙ እጅ ያንሳል። በታኅሣሥ 2020 የሃውከር ባህል በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

የወንበሩ የጋራ መሆን ትንሽ ነገር ቢመስልም በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። በተለመደ ምግብ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ተይዟል፤ ምናሌው ቢያስደነግጠውም ተነሥቶ መውጣት ያሳፍረዋል። በማዕከሉ ግን በላተኛው ከመቀመጡ በፊት ዋጋውን በሰሌዳ ያነባል፣ ድስቱን ያያል፣ ከዚያ ካልወደደው አሥር እርምጃ ተራምዶ ወደ ሌላው ይሄዳል። የማወዳደሪያ ወጪው ወደ ዜሮ ተጠግቷል ማለት ነው። አራት ጓደኛሞች ከአራት መደቦች ገዝተው በአንድ ጠረጴዛ መብላታቸውም የተለመደ ነው።

ምልክቶቹና የማስመሰያ ዋጋቸው

ማይክል ስፔንስ በ1973 እንዳስረዳው አንድ ምልክት መረጃ የሚሆነው ጥራት ለሌለው ሰው ማስመሰሉ ከጠቀሜታው በላይ ውድ ሲሆን ነው። ተጓዦች የሚመሩባቸውን ምልክቶች በዚህ መመዘኛ ቢፈትሿቸው ብዙዎቹ አይቆሙም። «ባህላዊ»፣ «የእናት እጅ»፣ «ከጥንት ጀምሮ» የሚሉ ጽሑፎችን ለመስቀል የሚያስፈልገው ሰሌዳና ቀለም ብቻ ነው። የታዋቂ ሰዎች ፎቶግራፍም እንዲሁ። በአምስት ቋንቋ የታተመ ምናሌ ደግሞ ማንን እንደሚጠብቅ ራሱ ይናገራል፤ ይሁን እንጂ በሲንጋፖር ይህ ምልክት ደካማ ነው፤ አገሪቱ አራት ይፋ ቋንቋዎች ስላሏት በሁለትና በሦስት ቋንቋ መጻፍ የዘወትር ነገር ነው። ከሌላ ከተማ የተማሩትን ምልክት ሳይመረምሩ ማዛወር እንደማያዋጣ ይህ አንድ ማሳያ ነው።

ለማስመሰል የሚያስቸግሩት ምልክቶች ከሻጩ እጅ ውጪ ያሉት ናቸው። የመጀመሪያው ሰዓት ነው። የቱሪስት ምግብ ቤት ቀኑን ሙሉ ክፍት ሆኖ ይጠብቃል፤ እንግዳ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅምና። ለሰፈሩ የሚያበስለው ግን በሰፈሩ ሰዓት ይኖራል። ቁርስ የሚሸጠው መደብ ረፋዱ ላይ ያበቃለታል፤ ምሳ የሚሸጠው ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ድስቱን ሊያጥብ ይችላል፤ «አልቋል» የሚል ወረቀት መለጠፉም የተለመደ ነው። ተሸጦ የሚያልቅ ምግብ ሻጩ የዕለት ፈላጊውን ቁጥር አስቀድሞ እንደሚያውቅ ያመለክታል፤ ይህን ማወቅ የሚቻለው ደግሞ ሰዎቹ የሚመላለሱ ከሆነ ነው። ሁለተኛው የምግቡ ጥበት ነው። በጥቂት ካሬ ሜትር መደብ ውስጥ አንድ ዓይነት ምግብ ለሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው በዚያው ካልተሳካለት ሌላ የሚሸፍንለት የለም። ስድሳ ዓይነት ምግብ የተዘረዘረበት ምናሌ ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ምን እንዳለ እንጂ ባለሙያው ምን እንደሚችል አይናገርም።

ሦስተኛው ዋጋው በግልጽ መለጠፉ ነው። ይህ የሚጠቅመው ሲኖር ብቻ ሳይሆን ሲጎድልም ነው። በ2009 በኒውተን የምግብ ማዕከል አሜሪካውያን ጎብኚዎች ለስምንት ትልልቅ ሽሪምፖች 239 የሲንጋፖር ዶላር የተጠየቁበት ክስተት በአገሪቱ ጋዜጦች በሰፊው ተዘግቦ፣ ሻጩም በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ለጊዜው ታግዶ ነበር። ክስተቱ በዚያ ማዕከል መድረሱ በአጋጣሚ አይመስልም። ኒውተን ከመሐል ከተማው የገበያ ጎዳና ብዙም የማይርቅ፣ በማታው ሥራ የሚታወቅና ጎብኚ የሚበዛበት ሲሆን፣ በ2018 በወጣ የሆሊውድ ፊልም ላይም ታይቷል። ሽሪምፕና ሸርጣን ደግሞ በሳህን ሳይሆን በክብደት የሚሸጡ ናቸው። የአንድ ጊዜ ገዢና በሰሌዳ ላይ ያልተጻፈ ዋጋ ሲገናኙ፣ በጥብቅ ቁጥጥሯ በምትታወቅ አገር እንኳ ውጤቱ ይኸው ነው። ከዚያው መደብ ላይ ኑድል የሚገዛ የሰፈሩ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይገጥመውም። ለተጓዡ ተግባራዊው ትምህርት ቀላል ነው፤ በክብደት የሚሸጥ ነገር ሲታዘዝ ጠቅላላ ዋጋው ምጣድ ላይ ከመጣሉ በፊት ይጠየቅ። ደንበኛ ለመጎተት እስከ ጠረጴዛው ድረስ የሚመጣ ሰው ካለም ያ ራሱ ምልክት ነው። የዘወትር ደንበኛ ያለው ሻጭ ከምድጃው የሚለይበት ጊዜ የለውም።

በየመደቡ ላይ ይለጠፍ የነበረው የኤ፣ የቢ፣ የሲና የዲ ደረጃ ብዙ ጊዜ በጎብኚዎች ዘንድ በስሕተት ይነበባል። በ1997 የተጀመረው ይህ አሠራር የሚለካው የንጽሕና አያያዝን እንጂ ጣዕምን አይደለም። ቢ የተሰጠውን መደብ ነዋሪው ተሰልፎ ሲበላበት፣ እንግዳው ኤ ወደ ተሰጠውና ባዶ ወደ ሆነው ይሄዳል።

ሰልፉ

ከምልክቶች ሁሉ ተጓዡን በጣም የሚስበው ሰልፍ ነው። ሲንጋፖራውያን ለምግብ መሰለፍን እንደ ብሔራዊ ልማድ ይቆጥሩታል፤ ስለራሳቸውም ይቀልዱበታል። ይሁንና ሰልፍ ሊያሳስት እንደሚችል በኢኮኖሚክስ ከታወቀ ቆይቷል። አብሂጂት ባነርጂ በ1992 ስለ መንጋ ባህርይ ባሳተመው ጥናት የተጠቀመበት ምሳሌ ራሱ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ምግብ ቤቶች ነው። አንደኛው በትንሹ የተሻለ እንደሚሆን አስቀድሞ ይገመታል። ከመቶ ሰዎች ዘጠና ዘጠኙ ሁለተኛው ይሻላል የሚል የግል መረጃ ቢኖራቸውም፣ መጀመሪያ የመረጠው የተሳሳተ መረጃ የያዘው መቶኛው ሰው ከሆነ፣ ተከታዩ እርሱን አይቶ የራሱን መረጃ ይተዋል፤ ከዚያ ሁሉም ይከተላል። በመጨረሻ መቶውም ሰው በማይሻለው ቤት ይሰለፋል። እያንዳንዱ ሰው ያደረገው ነገር ምክንያታዊ ነው፤ የጠፋው ዘጠና ዘጠኙ የያዙት እውቀት ነው።

ታዲያ ሰልፍ ሁሉ መንጋ ነውን? አይደለም። የባነርጂ ሞዴል የሚገልጸው አንድ ጊዜ የሚመርጡና ከመምረጣቸው በፊት ያልቀመሱ ሰዎችን ነው፤ ማለትም ተጓዦችን። ባለፈው ሳምንት በልቶ ዛሬ ደግሞ የሚሰለፍ ሰው ሌሎችን አይቶ ሳይሆን ምላሱን አምኖ ነው የቆመው። ስለዚህ መታየት ያለበት የሰልፉ ርዝመት ሳይሆን የተሰላፊው ማንነት ነው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ፣ የመሥሪያ ቤት ባጅ ያንጠለጠለ ሠራተኛ፣ የፕላስቲክ ከረጢት ይዘው ለቤተሰብ የሚገዙ እናት ሰልፉን ያስታምናሉ። የጉዞ ሻንጣና ካሜራ የበዛበት ሰልፍ ግን በአንድ መጽሐፍ ወይም በአንድ ቪዲዮ የተጀመረ ሊሆን ይችላል። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የሶፍት ማሸጊያም እንዲሁ ይነበባል፤ በሲንጋፖር ሶፍቱን አስቀምጦ መሄድ ቦታው ተይዟል ማለት ነው። ሶፍት የበዛበት አዳራሽ ደንቡን የሚያውቁ ሰዎች ያሉበት አዳራሽ ነው። እንግዳው ሶፍቱን ወደ ጎን ገፍቶ እንዳይቀመጥ፣ ሲጨርስም ሳህኑን ራሱ እንዲመልስ ይጠበቅበታል፤ ሳህን አለመመለስ ከመስከረም 2021 ጀምሮ የሚያስቀጣ ሆኗል።

መንጋው ሲፈጠር ምን እንደሚከተል ለማየት የቻን ሆን ሜንግ መደብ ታሪክ ይጠቅማል። የሚሼሊን መመሪያ ለሲንጋፖር የመጀመሪያ እትሙን ባወጣበት በ2016፣ በቻይናታውን ኮምፕሌክስ ውስጥ በአኩሪ አተር ድልህ የበሰለ ዶሮ በሩዝ የሚሸጠው ይህ ሰው አንድ ኮከብ ተሰጠው። የሳህኑ ዋጋ 2 የሲንጋፖር ዶላር ያህል ነበርና በዓለም እጅግ ርካሹ ባለ ኮከብ ምግብ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ከመደቡ አቅራቢያ መደበኛ ምግብ ቤት ተከፈተ፤ ቅርንጫፎችም በሌሎች አገሮች ተቋቋሙ። በ2021 ኮከቡ ተነሣ። ከዚህ በመነሣት ሽልማቱ ምግቡን አበላሸው ብሎ መደምደም አይቻልም። የተለወጠው የሰልፉ አባል ነው። በመደቡ ፊት የሚቆሙት ከየአገሩ የሚመጡ የአንድ ጊዜ ገዢዎች ሲበዙ፣ የምሳ ሰዓቱ ሠላሳ ደቂቃ ብቻ የሆነ የሰፈሩ ሠራተኛ ወደ ሌላ መደብ ይሄዳል። ከእርሱ ጋር ቁጥጥሩም ይሄዳል።

የማን እውነተኛ?

እስካሁን «እውነተኛ» የሚለው ቃል ሳይመረመር አልፏል። ዲን ማካኔል በ1973 ባሳተመው ጽሑፉ፣ የኤርቪንግ ጎፍማንን የመድረክ ፊትና የመድረክ ጀርባ ክፍፍል ተውሶ፣ ቱሪስት ሁልጊዜ የሚመኘው ወደ ጓዳ መግባትን እንደሆነ፣ ሻጮችም ይህን አውቀው ጓዳ የሚመስል ሌላ ሳሎን እንደሚያሰናዱለት ጽፏል። በአማርኛ «ጓዳ» የሚለው ቃል ገበናንም ስለሚያዝል ሐሳቡ ለአማርኛ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ እንግዳ የሚገባበት ጓዳ፣ ጓዳነቱ ቀርቷል። በመስታወት የተከፈለ ክፍት ኩሽና፣ የባህል ልብስ የለበሰ አስተናጋጅ፣ ሆን ተብሎ ያረጀ ግድግዳ የዚህ ዓይነት ዝግጅቶች ናቸው።

የሃውከር መደብ በዚህ ክፍፍል ላይ አስቸጋሪ ጉዳይ ነው። ጓዳው ሁሉ ለዓይን ክፍት ነው፤ ክፍት የሆነው ግን ለማሳየት ተብሎ ሳይሆን ጓዳ የሚሠራበት ቦታ ስለሌለ ነው። ዶሮው የተሰቀለው፣ ሾርባው የሚፈላው፣ ሒሳቡ የሚሠራው በአንድ ክንድ ርቀት ውስጥ ነው። በዚህ ረገድ ማካኔል ያሳሰበው ጥርጣሬ እዚህ ብዙም አይሠራም። በአንጻሩ በላው ፓ ሳት፣ ማለትም በገንዘብ ተቋማቱ ሰፈር መካከል በሚገኘው በ1894 የተሠራ የብረት አዳራሽ፣ ማታ ማታ መንገዱ ተዘግቶ ሳቴ የተባለው የሥጋ ጥብስ በከሰል ሲጠበስ ሁለቱ ይደባለቃሉ፤ ጭሱ እውነተኛ ነው፣ ትዕይንቱም ታስቦበታል።

ከዚህ የሚከብደው የምግቡ ትውልድ ጥያቄ ነው። ተጓዥ «እውነተኛ» ሲል ብዙ ጊዜ ያልተቀየጠ፣ ከጥንት የመጣ ማለቱ ነው። በዚህ መመዘኛ ሲንጋፖር አንድም እውነተኛ ምግብ የላትም። ዝነኛው የዓሣ ራስ ካሪ በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ ከኬረላ የመጣ ሕንዳዊ ባለ ምግብ ቤት፣ የዓሣ ራስ ለሚወዱ ቻይናውያን ደንበኞቹ ብሎ የፈጠረው ነው። በኬረላ የዓሣ ራስ ለብቻው እንዲህ አይከበርም ነበር፤ በቻይና ደግሞ ካሪው አይታወቅም። የሃይናን የዶሮ ሩዝም ከሃይናን ደሴት በመጡ ስደተኞች እጅ በሲንጋፖር የተለወጠ ነው። እነዚህ ምግቦች የተወለዱት ሻጩ ደጋግሞ ለሚመጣ፣ ከእርሱ ለተለየ ደንበኛ እጁን ሲያላምድ ነው። ኒንግ ዋንግ በ1999 እንዳመለከተው እውነተኛነት በዕቃው ውስጥ የተቀመጠ ባሕርይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በዚህ ጽሑፍ አመለካከት ለተጓዡ የሚሠራው ፍቺ ጠባብና ተራ ነው፤ እውነተኛ የአገሬው ምግብ ማለት የአገሬው ሰው በራሱ ገንዘብ፣ በአዘቦት ቀን የሚገዛው ምግብ ነው። ፍቺው ስለ ጥንታዊነት ምንም አይናገርም። በምትኩ በዓይን ሊታይና ሊቆጠር ይችላል።

ጾመኛው ተጓዥ

ኤሪክ ኮኸንና ኒር አቪየሊ በ2004 ባቀረቡት ጥናት የአገር ምግብ ለቱሪስት መስህብ ብቻ ሳይሆን እንቅፋትም እንደሆነ አሳስበዋል። ለንግድ፣ ለሥልጠናና ለስብሰባ ወደ እስያ ከተሞች ለሚጓዙ ኢትዮጵያውያን እንቅፋቱ ብዙውን ጊዜ ቅመም ሳይሆን ሃይማኖታዊ ሥርዓት ነው። ለሙስሊሙ ተጓዥ መንገዱ የተጠረገ ነው። የሲንጋፖር እስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት የሚሰጠው የሐላል ምስክር ወረቀት በመደቡ ላይ ይለጠፋል፤ የሳህን መመለሻው እንኳ በብዙ ማዕከላት ለሐላልና ሐላል ላልሆነው ተለይቷል።

ለኦርቶዶክሳዊው ጾመኛ ግን ምልክቶቹ ተንኮለኛ ናቸው። ሥጋ የማይታይበት የአትክልት ሳህን በደረቀ ሽሪምፕ ድልህ ተጠብሶ፣ ኑድሉም በአሳማ ስብ ታሽቶ ሊሆን ይችላል። «ቬጀቴሪያን» የሚለው ቃልም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። የሕንድ ቬጀቴሪያን መደብ ሥጋና እንቁላል አያስገባም፤ ቅቤና እርጎ ግን የሙያው መሠረት ናቸው። የቻይና ቡድሂስቶች መደብ በአብዛኛው በአኩሪ አተር፣ በእንጉዳይና በስንዴ ላይ የቆመ ሲሆን፣ በጥብቁ ሥርዓት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም፤ ለሐበሻ ጾም የሚቀርበው ይህኛው ነው፤ አንዳንዱ መደብ እንቁላል ወይም ወተት ስለሚጨምር መጠየቁ ባይቀርም። እዚህም የዘወትር ደንበኛው ሕግ ይሠራል። በጨረቃ ወር በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ብዙ ቡድሂስቶች ከሥጋ ስለሚታቀቡ በእነዚህ መደቦች ፊት ሰልፉ ይረዝማል። ያ ሰልፍ በእምነቱ ምክንያት ጥንቃቄ የሚያደርግ ሰው የቆመበት ነው፤ ሻጩ ቢያጭበረብረው ይቅር የማይለው ደንበኛ ነው። ጾመኛው ኢትዮጵያዊ ከእርሱ ኋላ ቢሰለፍ፣ ቋንቋና ሃይማኖት ሳይጋሩ ጥንቃቄውን ይጋራል።

ርካሽነቱን የሚከፍለው ማን ነው

እስከዚህ ድረስ ርካሽነት ለተጓዡ እንደሚገኝ ስጦታ ታይቷል። ሳህኑ ርካሽ የሆነባቸው ምክንያቶች ግን ሁሉም አስደሳች አይደሉም። ከጎዳና የተነሡት የመጀመሪያው ትውልድ ሃውከሮች የሚከፍሉት ኪራይ በመንግሥት የተደጎመ ነው። ይህ ኪራይ ለአዲስ ገቢዎች አይሰጥም፤ እነርሱ በጨረታ ይወዳደራሉ። ዝቅተኛ የጨረታ መነሻ በ2012 ስለተነሣ አንዳንዱ መደብ በጥቂት ዶላር ሲያዝ፣ በ2024 ደግሞ በማሪን ፓሬድ ለአንድ መደብ ከ10,000 የሲንጋፖር ዶላር የሚበልጥ ወርሃዊ ኪራይ የቀረበበት ጨረታ አገር አነጋግሯል። ሁለቱ ሻጮች ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ የሳህኑን ዋጋ የሚወስነው ትንሽ ኪራይ የሚከፍለው አረጋዊ ነው፤ ወጣቱ ከዚያ በላይ ቢጠይቅ ሰው አይገዛውም።

ሌላው የተደበቀ ድጎማ የሻጮቹ ጉልበት ነው። የሃውከሮች አማካይ ዕድሜ ወደ 60 ዓመት ይጠጋል። ሾርባው ለቁርስ እንዲደርስ ከሌሊቱ ዘጠኝና ዐሥር ሰዓት የሚነሡ ናቸው፤ ልጆቻቸውን ያስተማሩት በዚሁ ሥራ ነው፤ የተማረው ልጅ ደግሞ ወደ ምድጃው መመለስ አይፈልግም። ነዋሪው ዋጋው እንዳይጨምር አጥብቆ ይከራከራል፤ በ50 ሳንቲም ጭማሪ የሚያኮርፍ ደንበኛ አለ። ከላይ ተጓዡን የጠበቀው የዘወትር ደንበኛ ቁጥጥር በሌላ ገጹ ሻጩን በአሮጌው ዋጋ ላይ አስሮ የያዘው ኃይል ነው። የሁለቱ አንድ መሆን በጉዞ ጽሑፎች ዘንድ ፈጽሞ የተዘነጋ ይመስላል።

ተጓዡ በዚህ ውስጥ ያለው ቦታ ግራ የሚያጋባ ነው። በማዕከሉ ጉርሻ መስጠት አልተለመደም፤ የእንግዳ ዋጋ ማስከፈልም፣ በኒውተን እንደታየው፣ ያስቀጣል። ስለዚህ ከሩቅ አገር የመጣው ሰው ለሰፈሩ ጡረተኛ ተብሎ የተደጎመውን ሳህን በጡረተኛው ዋጋ ይበላል። የሁለት ዋጋ ሥርዓት ይህን ያስተካክል ነበር፤ ነገር ግን ተጓዡን የሚጠብቀውን ያንኑ አንድ ዋጋና አንድ ድስት ያፈርሳል። በሌሎች አገሮች ሙዚየሞችና ፓርኮች የሚሠራው የመግቢያ ልዩነት በምግብ መደብ ላይ ሊሠራ የማይችለው ለዚህ ነው። በአሁኑ ይዞታ ለሻጩ የሚቀረው አማራጭ ሥራውን ሲያቆም መደቡን ለመንግሥት ማስረከብ ወይም ሙያውን የሚቀበለው ሰው መፈለግ ነው። ሙያውን የሚቀበለው ሰው ከተገኘም በየትኛው ዋጋ እንደሚሸጥ ገና አልተወሰነም።